ልጅ ያየውን ማን ይጠይቃል?

ባለፈው ጥቅምት ልጄን ይዤ ወንድሜ ዘንድ ሄጄ ነበር። ከደሴ በሐይቅና በውጫሌ አድርጎ ወደ መርሳ የሚወርደውን መንገድ የሚያውቅ ሰው፣ ወደ ውርጌሳ ሲቃረብ አየሩ እንዴት እንደሚለወጥ ያውቃል። ጃኬት ይወልቃል። ግራ ቀኙ ማሽላ ነው። ወቅቱ ማሽላው ፍሬ ይዞ ወፍ የሚጠበቅበት ነበር። በየማሳው ማማ ቆሟል፣ በየማማው ላይ ወንጭፍ የያዘ ልጅ አለ።

እሑድ ከሰዓት ወንድሜ ደጅ ሽማግሌዎች ተቀመጡ። ነገሩ ትልቅ የሚባል አይደለም። የአንድ ጎረቤት በሬዎች የሌላውን ማሽላ ገብተው አበላሽተዋል ተብሏል። ባለ በሬው ደግሞ «የኔ አይደሉም» ብሎ ክዷል። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሸህ ናቸው፣ አንዱ ቄስ፣ ሦስተኛው መንደሩ የሚያከብራቸው አዛውንት። ዱዓ ተደረገ፣ ተመረቀ፣ ወደ ነገሩ ተገባ። ሁለቱም ወገን ተናገሩ። ነገሩ አልነጥር ሲል ሸሁ ቀና ብለው «ያን ሰዓት ማማ ላይ የነበረው ማነው?» አሉ።

ማማ ላይ የነበረው የወንድሜ ልጅ ነው። ከቤቱ ጓሮ ከልጄ ጋር ተቀምጦ ጥንቅሽ ሲመጥ ነበር የተጠራው። እጁን በሽርጡ ጠርጎ መጣና ቆመ። ባለ በሬው ቆጣ አለ። «በልጅ አፍ ልፈረድ ነው እንግዲህ? ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም ሲባል አልሰማችሁም?»

ሸሁ አልተቆጡም። «እራታችንን የሚጠብቀው እሱ አይደለም ወይ?» አሉት። «ማሽላውን አምነን የሰጠነውን ልጅ ዓይኑን ግን አናምንም ካልን ነውር ነው።»

ከዚያ ልጁን ጠየቁት። እንደ አዋቂ ነው የጠየቁት። ማንም አላባበለውም፣ ማንም «ጎበዝ» አላለውም። ስንት በሬ ነው? በየት ገቡ? ፀሐይ የት ደርሳ ነበር? እሱም ይመልሳል። «ሁለት ናቸው። አንዱ ቦራ ነው፣ የግራ ቀንዱ የተሰበረ። ሌላው ዳለቻ ነው። በታች ገቡ፣ በወንዙ በኩል። እህቴ ምሳ ይዛልኝ ስትደርስ ነው። ጥላዬ ከእግሬ ብዙም አልራቀም ነበር።» ቄሱ «እረኛውስ የት ነበር?» አሉት። «አላየሁትም» አለ። ያላየውን አልጨመረም። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ቀንደ ሰባራው ቦራ የማን እንደሆነ መንደሩ ሁሉ ያውቃል።

እኔ በልጁ አነጋገር ተደንቄ ቆሜ ሳለ ልጄ ነጠላዬን ጎተተችኝ። ዐሥራ አንድ ዓመቷ ነው። «እማ» አለችኝ በጆሮዬ፣ «እህቱም አይታለች እኮ። እሷን ለምን አልጠየቋትም?»

የምመልስላት አልነበረኝም። ሽማግሌዎቹ ወደ ካሣው ተሻገሩ። የወንድሜ ሴት ልጅ በዚያው ሰዓት ጀሪካን አዝላ ከምንጭ እየወጣች ነበር። ሁላችንም አየናት፣ ማንም አልጠራትም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለቱ ነገሮች አብረው ይከነክኑኛል። የልጁ መጠየቅና የልጅቷ አለመጠየቅ።

ዕድሜ በሥራ ሲቆጠር

ማታ ወንድሜን «ይሄ ልጅ ስንት ዓመቱ ነው?» ብዬ ጠየቅሁት። ትንሽ አሰበና «ካንቺዋ በአንድ ክረምት ይበልጣል» አለኝ። የልደት ወረቀት የለውም። ይህ የወንድሜ ቸልተኝነት እንዳይመስላችሁ። በአገራችን የልደት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ነው። በዚያው ዓመት በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት ልደታቸው የተመዘገበው ከ100ው 3 ያህሉ ብቻ ነበሩ።

እንግዲህ ቁጥር በሌለበት ዕድሜ የሚታወቀው በሌላ ነገር ነው። ድክ ድክ የሚል አለ። እሳት ከጎረቤት ለማምጣት የሚላክ አለ። ከዚያ ግልገልና ጥጃ ጠባቂ ይሆናል። ጥጃው ካመነው በግና ፍየል ይሰጠዋል። ቀጥሎ ከብት። ክንዱ ሲጠና እርፍ ይጨብጣል። እያንዳንዱ ደረጃ ሥራ አለው፣ ሥራው ደግሞ እምነት አለው። ስምንት ዓመት ስለሞላው አይደለም ከብት የሚሰጠው፤ በጎቹን ሳያስበላ ስላመጣ ነው።

ሴቷም የራሷ መሰላል አላት። ታናሽ ማዘል፣ ውሃ፣ እንጨት፣ ምጣድ። ልዩነቱ የገባኝ ግን ያን ማታ ቁጭ ብዬ ሳስብ ነው። የወንዱ መሰላል ወደ አደባባይ ያወጣል። ከብት የጠበቀ ልጅ ስለ ከብት ይጠየቃል፣ ያረሰ ልጅ ስለ መሬት ይጠየቃል። የሴቷ መሰላል ግን ከጓዳ ወደ ጓዳ ነው የሚወስዳት። ሥራዋ ከወንድሟ ሥራ ቢበልጥ እንጂ አያንስም፤ ለሽማግሌ ፊት የሚያበቃ ሥራ ተብሎ ግን አይቆጠርላትም።

ወሎ ልጅን አምኖ ሩቅ መላክም የለመደ አገር ነው። ከቤቱ ወጥቶ ሸህ ፍለጋ አገር የሚያቋርጠው ደረሳ ልጅ ነው። ደበሎ ለብሶ፣ ዱላ ይዞ፣ ከውሻ እየተጋፈጠ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» የሚለው የቆሎ ተማሪም ልጅ ነው። ልጆቹን ያወጣቸው የትምህርት ፍላጎት ብቻ አልነበረም፤ የደረሱበት መንደር እንደሚያበላቸው ቤተሰቡም ልጁም ስለሚያውቅ ነው። አያቴ የራሷ ልጆች ሳይጠግቡ ለተማሪ ቁራሽ ታወጣ ነበር። ብዙ ልጅ በመንገድ ታሞ መቅረቱንም ግን እሷው ናት የነገረችኝ። ልጅ በዕድሉ ያድጋል የሚባለው ነገር ላደገው ነው የሚያጽናናው።

ሥዕል አይቶ መፍረድ

ስለ ልጅነት የሚያጠኑ ሰዎች የሚጀምሩበት አንድ ስም አለ። ፊሊፕ አሪዬስ ይባላል፣ ፈረንሳዊ የታሪክ ጸሐፊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 ባሳተመው መጽሐፍ፣ በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ «ልጅነት» የሚባል ራሱን የቻለ ሐሳብ አልነበረም አለ። ልጁ ከእናቱ ወይ ከሞግዚቱ እጅ እንደወጣ በቀጥታ አዋቂዎች ዓለም ውስጥ ይገባል፣ ሥራቸውን ይሠራል፣ ጨዋታቸውን ይጫወታል ነው ነገሩ። ከማስረጃዎቹ አንዱ ሥዕል ነው። በድሮ ሥዕሎች ልጆች እንደ ትንንሽ አዋቂ ሆነው ይታያሉ።

ይህን ሳነብ በቤታችን ግድግዳ ላይ ያለችው ምስለ ፍቁር ወልዳ ናት ትዝ ያለችኝ። እዚያ ላይ ሕፃኑ በእናቱ ክንድ ተቀምጦ መጽሐፍ ይዟል፣ በቀኝ እጁ ይባርካል። ፊቱ የሕፃን ፊት አይደለም፤ የሚያውቅ ሰው ፊት ነው። ይህን ሥዕል አይቶ «ወሎዬ ልጅነትን አያውቅም» የሚል ሰው ቢመጣ ምን እንለዋለን? ሠዓሊው ሕፃን ጠፍቶበት አይደለም። የሣለው አምላክን ነው። በዚያችው ሥዕል ሥር እናቴ ታናሽ ወንድሜን አዝላ እሹሩሩ ትል ነበር። ክርስቲያኑ ወንዱን በ40 ሴቷን በ80 ቀን ክርስትና ያነሣል፣ ሙስሊሙ በሰባተኛው ቀን አቂቃ ያወጣል። ልጅን ከአዋቂ ለይቶ የማያይ ሕዝብ ይህን ሁሉ አያደርግም።

አሪዬስም በዚሁ ነው የተተቸው። ሊንዳ ፖሎክ የምትባል ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1983 ባወጣችው ሥራ የድሮ ሰዎችን የግል ማስታወሻ አገላብጣ ወላጆች በየዘመኑ ልጆቻቸውን ሲሳሱላቸው፣ ሲታመሙ ሲጨነቁ፣ ሲሞቱ ሲያዝኑ አሳየች። እኔም ከሷ ጋር ነኝ። ግን አሪዬስ አንድ ነገር ትቶልን አልፏል። ልጅ ምን እንደሆነ፣ እስከ መቼ ልጅ እንደሆነ፣ ምን እንደሚገባው የሚወስነው ተፈጥሮ ብቻ አይደለም። ሰዎች በየዘመናቸው ይወስኑታል፣ በየዘመናቸውም ይቀይሩታል።

መቀየሩን በደንብ ያሳየችኝ ደግሞ ቪቪያና ዜሊዘር ናት። እ.ኤ.አ. በ1985 ባሳተመችው ጥናት ከ1870ዎቹ እስከ 1930ዎቹ ድረስ አሜሪካ ውስጥ የሆነውን ትከታተላለች። በመጀመሪያው ዘመን ልጅ በባቡር ቢገጭ ፍርድ ቤት ካሣ የሚቆርጠው ልጁ ሠርቶ ያስገባ የነበረውን አስልቶ ነበር። የድሃ ልጅ ሠራተኛ ነው፣ ገቢ ነው። እየቆየ ልጅ ከፋብሪካ ወጣ፣ ትምህርት ቤት ገባ፣ በ1938 የፌዴራል ሕግ የልጆችን ሥራ ገደበ። ለቤቱ ገቢ የማያመጣ ሆነ፣ በፍቅር ግን ዋጋ የማይተመንለት ሆነ። ካሣውም የሚሰላው በወላጅ ሐዘን ሆነ።

ይህን ለውጥ እኛ በአንድ ቤተሰብ ውስጥ፣ በደሴና በመርሳ መካከል፣ በአንድ ትውልድ እያየነው ነው። ወንድሜና እኔ የአንድ እናት ልጆች ነን። የእሱ ልጅ ቤቱን ይመግባል። የእኔ ልጅ ወጪ ናት። የትምህርት ቤት፣ የባጃጅ፣ የአስጠኚ፣ በየዓመቱ ደግሞ የልደት ኬክ። ኬጂ ስትጨርስ ጥቁር ካባ ለብሳ ተመርቃለች፤ ፎቶዋ ሳሎን ተሰቅሏል። ሥራሽ ምንድን ነው ብትሏት «ማጥናት» ትላችኋለች። አምስት ደቂቃ ብትዘገይብኝ ልቤ ከቦታው ይወጣል። ወንድሜ ልጁን ከእኔ ያነሰ አይወድም። እሱ ግን ልጁን ሲወድ እየፈለገውም ነው።

ጓዳ ውስጥ የሰማሁት

ሰኞ ማለዳ፣ ከመመለሳችን በፊት፣ ወጥ ቤት ገባሁ። የወንድሜ ልጅ ምጣድ አስምታ እንጀራ ትጋግራለች። ስድስተኛ ክፍል ናት። ጭሱ ዓይኗን ሲያስነባት በክርኗ ትጠርጋለች። አክንባሎውን ስትከፍት እንጀራውን አይታ ትንሽ ታቅማማና ታወጣዋለች፤ እናቷ ከውጭ ሆና እንደምትሰማት ታውቃለች። ልጄ አጠገቧ ተቀምጣ የመጀመሪያዋን ትኩስ እንጀራ በበርበሬ ትበላለች።

«አንቺም በሬዎቹን አይተሻል አሉ» አልኳት።

«አይቻለሁ እንጂ አክስቴ።»

«እና ለምን አልተናገርሽም?»

ሳቀች። «ማን ጠየቀኝ?»

«እኔ ጠየቅሁሽ።»

ምጣዱን በማሰሻ እያሰሰች ነገረችኝ። ወንድሟ ማማ ላይ ስለነበር በሬዎቹን ነው ያየው። እሷ ግን ምሳ ይዛ የመጣችው በወንዙ መንገድ ነው። እረኛውን አይታዋለች። ከሾላው ሥር ተኝቷል። ሌላ ጊዜ ቢሆን ተኝቶ አስበላ ትል ነበር። ጠጋ ስትል ግን ይንቀጠቀጣል፣ ጥርሱ ይንገጫገጫል። ወባ ነው። «ነጠላዬን አለበስኩት። ውሃ ሰጠሁት። በሬዎቹ የገቡት ያኔ ነው። እኔ ልመልሳቸው ብዬ ሮጥኩ፣ ግን ገብተዋል።»

እረኛው የባለ በሬው ልጅ አይደለም። ከደጋ ወርዶ የተቀጠረ ነው። ዐሥራ ሁለት ዓመት ቢሆነው ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ፣ የ2011ዱ፣ ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ መቅጠርን ይከለክላል። ሸለቆው ውስጥ ግን እንዲህ ያሉ ልጆች አሉ። ዓመት ጠብቀው እህል ወይም ገንዘብ ይዘው ወደ እናታቸው ይመለሳሉ። ባለ በሬው ካሣውን ከማን እንደሚያወጣው ልጅቷ ታውቅ ነበር። «ከደመወዙ ይቆርጥበታል» አለች። «አምናም የሞተች ጊደር ቆርጦበታል።»

ልጄ መብላቷን ትታ ነበር። እኔም ዝም አልኩ። ሽማግሌዎቹ ካየኋቸው ሁሉ የተሻለ ዳኝነት ነበር የሰጡት፤ ልጅን አምነዋል፣ ልጁም እውነቱን ተናግሯል። ከዚህ ሁሉ በኋላ ግን የፍርዱ ሸክም የሚወድቀው ያልተጠራ ልጅ ትከሻ ላይ ነው። ነገሩን የምታውቀው ደግሞ ሌላ ያልተጠየቀች ልጅ ናት።

ወንድሜን ጠርቼ «ልጅህ የምትልህን ስማ» አልኩት። እሷ ከምጣዱ ሳትነሣ ደገመችለት። ስትጨርስ ጋቢውን አንሥቶ ወጣ። ሸሁ ዘንድ እንደሄደ የሰማሁት ደሴ ከገባሁ በኋላ በስልክ ነው። ካሣው አልተነሣም፤ የተበላ ማሽላ የተበላ ነው። ባለ በሬው ግን ከልጁ ደመወዝ እንዳይቆርጥ በሸሁ ፊት ቃል ገብቷል። እረኛውም ጤና ጣቢያ ተወስዶ መድኃኒት ተሰጥቶታል። «ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች አሉ» አለኝ ወንድሜ፣ ደስ ብሎት። ተረቱ የሚነገረው ለወቀሳ ነው፤ እሱ ግን ለሙገሳ ነበር የተናገረው።

አሊሰን ጄምስና አለን ፕራውት የሚባሉ ሁለት ምሁራን እ.ኤ.አ. በ1990 ባወጡት ሥራ የሚሉትን ከዚያ ቀን በፊትም አንብቤዋለሁ። ልጅን ወደፊት ሰው የሚሆን፣ እስከዚያ የሚጠበቅ ፍጡር አድርገን ብቻ አንየው ይላሉ። ልጅ ዛሬውኑ ያያል፣ ያስባል፣ ያደርጋል፤ በዙሪያው ያለውን ሕይወት ይለውጣል። ነጠላዋን አውልቃ የታመመ ልጅ ያለበሰችው፣ ከዚያ በሬ ልትመልስ የሮጠችው ልጅ ወደፊት ሰው የምትሆን አይደለችም።

ካሜራው ወደ ጎን ያላት

ስለ ወሎ ልጅ ሲነሣ ዓለም የሚያስታውሰው ሌላ ልጅ ነው። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ቢቢሲ ያኔ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር ከነበረችው ከኮረም የቀረጸውን የረሃብ ምስል አሳየ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ለተራቡት ገንዘብ ማሰባሰቢያ ላይቭ ኤይድ የተባለው ኮንሰርት ተዘፈነ። ገንዘቡ ሰው አትርፏል፤ ይህን ማቃለል አልፈልግም። ከዚያ በኋላ ግን የወሎ ሕፃን ማለት ለብዙ ሰው ዓይኑ ላይ ዝንብ ያረፈበት፣ ስም የሌለው፣ የማይናገር ልጅ ሆኖ ቀረ።

አክስቴ ያኔ ልጅ ነበረች። ታናሽ ወንድሟን አዝላ ከእናቷ ጋር ወደ መጠለያ ሄዳለች። እናቷ ስትደክም የተራውን እህል የምትሰለፈው እሷ ናት። የቱ በርሜል ንጹሕ ውሃ እንዳለው፣ የትኛዋ ነርስ እንደምትራራ፣ ስንት ሰዓት ላይ ወተት እንደሚታደል የምታውቀው እሷ ናት። አንድ ቀን ካሜራ የያዙ ሰዎች መጡ። ወንድሟን መሬት ላይ አስተኝታ ዝንቡን በእጇ ትከላከልለታለች። ሰውየው በእጁ ወደ ጎን እንድትል ጠቆማት። ፈቀቅ አለች። ልጁን ብቻውን ቀረጹት።

ወንድሟ ተርፏል። ዛሬ የልጅ ልጅ አይቷል። አክስቴ ይህን ስትነግረኝ ምሬት የላትም። እኔን ግን ይቆጨኛል። ያን ልጅ ያተረፈው ሰው ከሥዕሉ ወጥቷል። እሷም ልጅ ነበረች። ሁለት ዓይነት ልጅ በአንድ ፎቶ ውስጥ አይገባም ተብሎ ይሆናል፤ የሚያሳዝን ልጅና የሚያድን ልጅ።

የሚረዳን ሥራ የሠራው ልጆችን ራሳቸውን ቁጭ ብሎ የጠየቀ ሰው ይመስለኛል። ያንግ ላይቭስ የሚባለው ጥናት እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ በኢትዮጵያ፣ በሕንድ፣ በፔሩና በቬትናም ልጆችን ይከታተላል። በእኛ አገር ብቻ 3,000 ያህል ናቸው፣ አማራ ክልልም አለበት። ልጆቹ ስለ ሥራቸው ሲጠየቁ የሚሰጡት መልስ አንድ ወጥ አይደለም። ድካሙን ይናገራሉ፣ ትምህርት እንደሚያስቀራቸው ይናገራሉ። ቤተሰባቸውን በመርዳታቸው እንደሚኮሩም ይናገራሉ። የወንድሜን ልጅ «ማማ ላይ መዋል አይሰለችህም?» ብለው «ይሰለቻል፣ ግን ወፏ አትበልጠኝም» ነው ያለኝ። ሁለቱም እውነት ነው።

የከተማ ልጅ

አሁን ወደ ቤቴ ልመለስ። ልጄ በወሎ ታሪክ ምናልባት ከሁሉ የበለጠ የተጠበቀው ትውልድ ናት። ደርግ በወደቀበት በ1983 ዓ.ም. ግንቦት ኢትዮጵያ የዓለም የሕፃናት መብቶችን ስምምነት ተቀብላለች። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ መሆናቸውን ደንግጓል። እኔ የተማርኩት በአለንጋ ነው። ያልተቀጣ ልጅ ሲቆጡት ያለቅሳል እያሉ ነው የገረፉን። ልጄ ያን አታውቀውም፣ አታውቀውም ብዬ ሳስብ ደስ ይለኛል። ወደ ማማው ዘመን እንመለስ የሚለኝ ሰው ካለ አልስማማም። ወባ ይዞት ከሾላ ሥር የሚንቀጠቀጠውን ልጅ ማን ይመኛል?

ስምምነቱ ግን አንቀጽ 12ም አለው። ልጅ በሚመለከተው ጉዳይ ሐሳቡን የመግለጽ፣ ሐሳቡም እንደ ዕድሜውና ብስለቱ ክብደት የማግኘት መብት አለው ይላል። አፍሪካ ባጸደቀችው የሕፃናት ቻርተር ደግሞ አንቀጽ 31 አለ። ይህ ግዴታ ነው። ልጅ ለቤተሰቡ አንድነት እንዲሠራ፣ ወላጆቹንና ታላላቆቹን እንዲያከብርና ሲቸገሩ እንዲረዳ ይጠይቃል። ብዙዎች ሁለቱ ይጋጫሉ ይላሉ። ወንድሜ ደጅ ያየሁት ግን ተቃራኒውን ነው። ልጁ የተደመጠው ግዴታ ስለነበረው ነው። ጥያቄው፣ ከብት ያልሰጠነውን ልጅ በምን እናምነዋለን? ሸክሙን ካነሣንለት በኋላ ድምፁን በየት በኩል እናስገባለት? እኛ የከተማ ወላጆች ልጆቻችንን ቀኑን ሙሉ እንጠይቃለን። በላሽ ወይ፣ አጠናሽ ወይ፣ ስንተኛ ወጣሽ። መልሱ አንድ ነገር የሚለውጥ ጥያቄ ግን ስንቶቻችን ነን የምንጠይቀው?

በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ ልጄን ይዘን ከወጡት መካከል ነበርን። ስንመለስ ለወራት ጫማዋን አፉን ወደ በሩ አዙራ ነበር የምትተኛው። ያየ ሁሉ «ልጅ ናት፣ ትረሳዋለች» ይለናል። ለደግ ነው የሚሉት። አንድ ማታ አባቷ አጠገቧ ተቀምጦ «ጫማውን ለምን እንዲህ ታደርጊዋለሽ?» አላት። «ያኔ አንድ እግር ጫማዬን አጥቼ ስፈልግ አዘገየኋችሁ» አለች። እኛ አናስታውሰውም። እሷ ግን ቤተሰቡ የዘገየው በሷ ምክንያት እንደሆነ ይዛ ነበር የከረመችው። አባቷ እኛን ያዘገየን ጫማው ሳይሆን መኪና ማጣታችን መሆኑን ከመጀመሪያው ጀምሮ ነገራት። ጫማውን ማዞር የተወችው ከዚያ በኋላ ነው።

ከመርሳ ከተመለስን በኋላ በልጄ ትምህርት ቤት የወላጆች ስብሰባ ነበር። ስለ ዩኒፎርም ቀለም ተከራከርን። ስለ እንግሊዝኛው፣ ስለ ክፍያው፣ ስለ አስጠኚ ብዙ ተባለ። አዳራሹ ሙሉ አዋቂ ነው። ቤት ስገባ ልጄን «አንቺ ብትጠየቂ ምን ትያለሽ?» አልኳት። ቀለሙም እንግሊዝኛውም አልመጣባትም። «የሴቶች ሽንት ቤት በር አይዘጋም» አለችኝ። አንዷ ስትገባ ሌላዋ በሩን ይዛ ትቆማለች። የምትይዝላት ጓደኛ የሌላት ልጅ አትገባም። ለዚህ ሲሉ ብዙዎቹ ቀኑን ሙሉ ውሃ አይጠጡም። የምሰጣት የውሃ ኮዳ ሁልጊዜ ሞልቶ የሚመለሰው ለዚህ ነው።

ከጥቂት እናቶች ጋር ሆነን ጉዳዩን ለወላጅ ኮሚቴው አቀረብን። በሩ ይሠራል ተብሏል። እኛ የጠየቅነው ግን ሌላም ነገር ነው። በሚቀጥለው ስብሰባ ከየክፍሉ የተመረጡ ልጆች ገብተው ራሳቸው ይናገሩ፣ ከመረጧቸው ልጆች ግማሹ ሴቶች ይሁኑ፣ የተናገሩትም በቃለ ጉባኤ ይያዝ ብለናል። አንዳንድ ወላጅ «ልጆች ምን ያውቃሉ» ብሏል። ርእሰ መምህሩ አልተቃወሙም፤ ኮሚቴው ይወስን ብለዋል። ልጄና ጓደኞቿ ውሳኔውን አልጠበቁም። የሚናገሩትን ከወዲሁ በደብተር ጽፈዋል። የመጀመሪያው በሩ ነው። ሁለተኛው፣ ባጃጅ ውስጥ ስንት ልጅ እንደሚታጨቅ። ሦስተኛው፣ አንድ አብራቸው የምትማር ልጅ ከመስከረም ጀምሮ ለምን እንደቀረች ማንም ሄዶ አልጠየቀም የሚል ነው።